ወንድሜ ያላልኩት ሰው

መርዶውን በስልክ የነገረችኝ የራሱ ልጅ ናት። ጠዋት ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ስልኩ ሲጮኽ እጄን በቀሚሴ ጠርጌ አነሳሁት። «አክስቴ፣ አባባ አረፈ። ቀብሩ ዛሬ ነው፣ ቶሎ ድረሽልን» አለችኝና ለቅሶው ቀሪውን አላስጨርስ አላት። እሺ፣ እመጣለሁ አልኳት። ከዚያ የቀረውን ልብስ ጨምቄ አሰጣሁ። ጎረቤቶቼ ቢያዩኝ ምን ዓይነት ደንዳና ናት ባሉኝ ነበር። እኔ ግን እግሬ ከዚያ ገመድ ሥር አልነሳ ብሎኝ ነው።

«አክስቴ» የምትለኝ በአባቷ በኩል ነው። እዚህ ቆቦም ሆነ ወደ ዋጃ ሲሄዱ ባለው መንደራችን ማንንም ብትጠይቁ እኔ የሟቹ እህት ነኝ ይላችኋል። ከአንድ እናት አልተወለድንም፣ ከአንድ አባት አልተወለድንም። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ እሱ ክርስቲያን ነበር። ግን እህቱ ነኝ። ይህን እህትነት ማን እንደሰጠኝና ምን እንዳሳጣኝ ልንገራችሁ። በመሠረተ ትምህርት ያስቆጠሩኝ ፊደል እስከ ዛሬ ከመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ጽሑፍ ከማንበብ ያለፈ ሥራ አልሠራችልኝም፤ ለዚህ ትጥቀመኝ። የማፍረውም ሰው አልቀረም። ባሌ ሞቷል፣ እሱም ይኸው ሞተ። የእኔም ቢሆን የደከመው ጉልበቴ ነው እንጂ ምላሴ አይደለም።

የባጃጁ ሾፌር ጥቁር ሻሼን አየና «እናቴ፣ የማን ለቅሶ ነው?» አለኝ።

«የአንድ ሰውዬ።»

«ዘመድ ነው?»

«ሰውዬ ነው አልኩህ እኮ!»

ልጁ ደነገጠ። ሙዚቃውን ቀነሰ። አሳዘነኝ፤ ምን አደረገ? ግን እኔ ዕድሜ ልኬን የኖርኩት እንዲሁ ነው። ሰው «ወንድምሽ» ሲለኝ አቤት እላለሁ እንጂ በራሴ አፍ «ወንድሜ» ብዬ ጠርቼው አላውቅም። ፊት ለፊት ስንገናኝ «አንተ» ነው የምለው። ለልጆቹ «አባታችሁ»፣ ለሚስቱ ደግሞ «ሰውዬሽ» እያልኩ አለፍኩት። ያቺን ቃል ላለመናገር ያልዞርኩት ዙሪያ የለም። ወንድሜ ብዬ የጠራሁት ቀን በእኔና በእሱ መካከል የነበረው ነገር ሁሉ እንዳልነበረ የሚሆን ይመስለኝ ነበር።

የነበረው ነገር እንዲህ ነው።

የአባቴ ማሳና የአባቱ ማሳ ጎን ለጎን ናቸው፤ የሚለያቸው የጎርፍ ቦይ ብቻ ነው። የእኛ ቆላ ዝናብ አይበዛውም። ዝናቡ የሚዘንበው በስተምዕራብ ባለው ተራራ ላይ ነው፤ ለእኛ የሚደርሰን ጎርፉ ነው። ተራራው ሲጠቁር ወንዱ ሁሉ አካፋውን ይዞ ይሮጣል። ደረቅ ሆኖ የከረመው ወንዝ ድንገት ሲሞላ ጎርፉን ጠልፈው በቦይ ወደ ማሳ ያስገቡታል፤ ማን ቀድሞ፣ ማን ተከትሎ እንደሚያጠጣ ተራው ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ የታወቀ ነው። ያ ውሃ የገባበት መሬት ሰው የሚውጥ ማሽላ ያበቅላል። ያልገባበት አመድ ሆኖ ይከርማል። የእኛ ዘር ከዱሮም እዚያው ስለሆነ አባቴ ከቀዳሚዎቹ ነው። የእነሱ አያት ግን ከአላማጣ ወዲያ ዘግይቶ የመጣ ሰው ነበርና፣ መሬታቸው አጠገባችን ሆኖ ሳለ ተራቸው መጨረሻ ነው። ጎርፉ በደጃፋቸው ሲያልፍ እጃቸውን አጣምረው ያዩታል። ይህን ያዙልኝ።

ማሽላው ሲያፈራ የወፍ መንጋ ይመጣል። ያኔ ማሳው መሐል ከፍ ያለ ማማ ይሠራና ሴት ልጅም ወንድ ልጅም ወፍ ሲጠብቅ ይውላል። እኔ በእኛ ማማ ላይ ወንጭፌን ይዤ፣ እሱ በእነሱ ማማ ላይ ጅራፉን ይዞ እንውላለን። ጎፈሬውን በሚዶ አበጥሮ፣ ሚዶውን እዚያው ፀጉሩ ላይ ሰክቶ ሲቆም፣ ኩራቱ አይጣል ነው! መጀመሪያ ስንሰዳደብ ነበር። «ወፎችሽን ወደኔ አትስደጃቸው» ይላል፤ «የኔ ወፎች ጨዋ ናቸው፣ ካንተ ጋር አይውሉም» እላለሁ። ከዚያ ስድቡ ለዛው ተለወጠ። ወፍ በሌለበት ሰዓት ጅራፉን ካጮኸ፣ ቦዩ ውስጥ ውረጂ ማለቱ ነው።

ቦዩ በዚያ ወቅት ደረቅ ነው። ግራና ቀኙ ማሽላ ስለሆነ ማንም አያይም። ጥንቅሹን በጥርሱ ልጦ፣ ጣፋጩን አንጓ መርጦ ይሰጠኛል። ከዚያ ያለፈ ነገር ብዙ አልነበረም፤ እጅ ለእጅ መያያዝ፣ ትከሻው ላይ ጭንቅላቴን ማኖር፣ ያቺው ናት። ለእኔ ግን ከዚያ ወዲህ የኖርኩትን ትዳር ሁሉ ታስንቃለች። «ዘንድሮ ማሽላው ይግባና ሽማግሌ እልካለሁ» አለኝ። ሃይማኖቱስ ስለው ሳቀ። «ላንቺ ስል እሰልማለሁ። በኛ አገር ለትዳር ብሎ የሰለመም የተጠመቀም ሞልቶ የለ፣ እኔ ምን አዲስ ሰው ነኝ?» አለ። አመንኩት። ለምን አላምነውም? እውነቱን ነው፣ ሞልቶ ነበር።

በማሳችን የቦይ ዳር ያለውን ማሽላ ግን ወፍ ጨረሰው። እናቴ ባዶውን አገዳ እያገላበጠች «እነዚህ ወፎች አንቺን ነው እንዴ የሚጠብቁት?» አለችኝ። መሬት መሬት አየሁ።

ማሽላው ገባ፣ ሽማግሌው ግን አልመጣም። ትንሽ ታገሽኝ አለኝ፤ ታገስኩ። በሚቀጥለው ክረምት ጎርፍ በወረደ ቀን አጎቱ ተራችንን ጥሶ ቦዩን ወደ እነሱ ማሳ ሰበረው። ታላቅ ወንድሜ፣ የእናቴን ልጅ ማለቴ ነው፣ ደርሶ በአካፋ እጀታ መታው። የሰውዬው ክንድ ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላም እንደ ድሮው አልታጠፈም። ወንድሜ ወደ አፋር ወረደና ጠፋ። ሁለቱ ቤቶች ደመኛ ሆኑ። ገበያ በተለያየ መንገድ መሄድ፣ በለቅሶ አለመተያየት፣ ማታ በር በግንድ መደገፍ ሆነ። ወፍ ጥበቃም ቀረብኝ። ከግቢ ሆኜ የጅራፉን ድምፅ ብቻ እሰማለሁ። አለሁ ይለኛል ብዬ እጽናናበታለሁ።

በመጨረሻ ሽማግሌዎች ገቡበት። ከእኛ ሼሆች፣ ከእነሱ ቄሶች ተሰብስበው ከመንደሩ ዳር ባለው ትልቅ ግራር ሥር ዋሉ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ጠብ እንዳያገረሽ ሁለቱን ቤት ዘመድ ማድረግ ነው። ወይ ይጋባሉ፣ ወይ ጣት ይጠባል። ጣት መጥባት ማለት ያንደኛው ቤት ልጅ የሌላኛውን ቤት አባት ማር የተቀባ አውራ ጣት ይጠባና የጡት ልጅ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ከሥጋ ልጅ አይለይም። የቤቱ ሴት ልጆች እህቶቹ ናቸው፤ በክፉ ዓይን ቢያያቸው እርም ነው።

ይጋባሉ የሚለውን ሰምቼ ነበርና ያን ቀን ፀጉሬን ቅቤ ተቀባሁ፣ ቀሚሴን አጠብኩ። ሞኝ! ከሴቶቹ ጋር ከአጥሩ ጀርባ ቆሜ ስጠብቅ ሽማግሌዎቹ እሱን ለብቻው ከዛፉ ጀርባ ሲወስዱት አየሁ። ይነጋገራሉ፣ አይሰማም። በሆዴ «በል ተናገር፣ በል ተናገር» እላለሁ። ተመልሶ መጣ። ወደ እኛ በኩል ቀና አላለም። አባቴ ፊት ተንበረከከ። አባቴ አውራ ጣቱን ከማሩ ሳህን ነክሮ አፉ ውስጥ አስገባለት። ጠባው። አንገቱ ላይ ማሩ ሲወርድ ያየሁት ይመስለኛል። እልልታው ቀለጠ። እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝና «እልል በይ እንጂ፣ ወንድም አገኘሽ» አለችኝ። እልል አልኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ለብቻችን ተገናኘን፤ እዚያው ቦይ ዳር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አሁን በወንድምነቱ ማንም የሚጠረጥረው ሳይኖር። ምነው አልኩት። «አልጠየቁኝም። ጣቱን አፌ ላይ አቀረቡልኝ። በሽማግሌ ፊት እምቢ ብል ደም ይፈስ ነበር፣ ምን ላድርግ?» አለና ፊቱን አዞረ። አለቀሰ ብዬ አሰብኩ። ማዘኔን ትቼ ለእሱ አዘንኩለት። ሁለታችንም እኩል ተቀማን ብዬ ያቺን እኩልነት እንደ ጥሎሽ ይዤ ትዳር ገባሁ።

የዳሩኝ ሮቢት ለሚኖር ሽንኩርት ነጋዴ ነው። በእኛ ቤት ወግ ሙሽራዋን አቅፎ በቅሎ ላይ የሚያስቀምጣት ወንድሟ ነው። የእናቴ ልጅ ከአፋር ገና አልተመለሰም። ታዲያ ማን ቀረ? እሱ መጣ፣ አዲስ ጋቢ ለብሶ። ከወገቤ ይዞ ሲያነሳኝ በጆሮዬ «አብሽሪ፣ እህቴ» አለኝ። ጆሮውን ብነክሰው ደስታዬ ነበር። እጁ አልተንቀጠቀጠም። እኔ ያኔ ይህንን ወንድነት ነው ብዬ አደነቅኩለት።

ባሌ እጁ ፈጣን ነበር። ነፍሱን ይማረውና ከዚህ በላይ አልናገርም። በተመታሁ ቁጥር ወደ አባቴ ቤት እሸሻለሁ። ሴት ልጅ አኩርፋ ስትመጣ የሚያስታርቃት ወንድሟ ነው፤ ስለዚህ እሱ ይጠራል። ከባሌ ጋር ምሳ ይበላል፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋና ስለ ክረምቱ ያወራል፣ ከዚያ ወደኔ ዞሮ «በቃ፣ ቤትሽ ግቢ። ልጆችሽን አስቢ» ይለኛል። እገባለሁ። ዓይኑ ውስጥ የተደበቀ ሐዘን አየሁ እያልኩ ራሴን እያታለልኩ እመለሳለሁ። አሁን ሳስበው ምንም አልነበረም። የጠገበ ሰው ዓይን ነበር።

እሱ ኑሮው ሰመረለት። ከመንደሩ መጀመሪያ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰ እሱ ነው። ማሽላው ጎተራ ያጨናንቃል። መንግሥት ተለዋውጦ መሬት ሲደለደል እንኳ የጎርፉ ተራ በነበረበት ቆየ። ጎርፍ ሲወርድ ከአባቴ ቀጥሎ፣ አባቴ ከሞተ በኋላ ደግሞ በአባቴ ቦታ፣ ቀድሞ የሚያጠጣው እሱ ነው። የእናቴ ልጅ እንደሆነ በዚያው በአፋር በረሃ ቀረ። ሰው ስለ እሱ ማሳ ሲያወራ ልቤ ይሞቅ ነበር፤ የኔ ሰው ነው ብዬ።

ባለፈው ጾም እንደታመመ ሰምቼ ልጠይቀው ሄድኩ። ያ ሁሉ ሰውነት አልጋው ላይ እፍኝ አክሎ ጠበቀኝ። ሚስቱ እግሩ ሥር ተቀምጣለች። እጄን ያዘኝ፤ ከዚያ ከደረቁ ቦይ ወዲህ እንዲያ ይዞኝ አያውቅም።

«አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አለኝ።

«ለምኑ?»

«ለሁሉም። አፉ በይኝ፣ እንደዚህ አልሙት።»

ሚስቱ ታለቅሳለች፤ እኔ ግን በልቤ ጮቤ ረገጥኩ። ለካ አልረሳኝም አልኩ። ያኔ እምቢ ማለት ባለመቻሉ ዕድሜውን ሙሉ ሲቆጨው ኖሯል አልኩ። «አፉ ብያለሁ፣ ከልቤ። አላህም አፉ ይበልህ» አልኩት። ወደ ቆቦ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ፊቴን አዙሬ እያለቀስኩ ነው የሄድኩት፤ በደስታ። በዚያ ዕድሜዬ፣ በዚያ በተሸበሸበ ፊቴ፣ እንደ ኮረዳ።

ቀብሩ ላይ ከሙስሊሞቹ ጋር ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆየን፤ እንደ ልማዳችን። ከዚያ ድንኳኑ ጋ ስደርስ ልጆቹ መንገድ አስከፍተው ከሚስቱ ጎን ፍራሽ ላይ አስቀመጡኝ። የእህት ቦታ ነው። ሴቶቹ ዓይን ዓይኔን ያያሉ፤ እህት ካላለቀሰች ለቅሶው አይደምቅም። እንባዬ መጥቷል፣ ቃሉ ግን አልወጣ አለኝ። ምን ብዬ ልጥራው? እሱን የምጠራበት ስም ለብቻዬ ነው ያለው፣ እዚያ መሐል የሚነገር አይደለም።

ያን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ሼህ ሁለት ሰው ደግፏቸው ገቡ። ግራሩ ሥር ከዋሉት ሽማግሌዎች እሳቸው ብቻ ናቸው የቀሩት። ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ድምፃቸው ግን እንዳለ ነው። ወንበር ሰጧቸው። ሟቹን ለማክበር ብለው የዕርቁን ታሪክ ጀመሩ።

«የዚህን ሰው አስተዋይነት ያየሁት ገና ጎፈሬውን ሳይላጭ ነው» አሉ። «ያን ቀን ተዛፉ ጀርባ ለብቻ ወሰድነውና፣ ልጄ፣ ምርጫው ያንተ ነው አልነው። ልጅቱን ብትል አባቷ ፈቅዷል፣ ትሰልምና ታገባታለህ። ጣቱንም ብትል ልጁ ትሆናለህ። የፈለግከውን በል፣ በሁለቱም ዕርቁ ይጸናል አልነው። ምን ብሎ ቢጠይቀን ጥሩ ነው? ‹የጡት ልጅ ተሆንኩ የጎርፉ ተራ ይደርሰኛል ወይ?› አለን። እንደ ሥጋ ልጅ ይደርስሃል አልነው። ‹ታገባኋትስ?› አለ። አማች ተራ የለውም አልነው። ወላሂ፣ ላፍታ አላመነታም። ‹ጣቱን› አለን። ይኸው ያችን ውሃ ይዞ ይህን ሁሉ ቤት አቆመ።»

ወንዶቹ ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። «የዱሮ ሰው!» አለ አንዱ። ሚስቱ በእንባዋ መሐል ፈገግ ብላ «እሱ እንዲያ ነበር፣ ሁሉን አስቦ ነው» አለችኝ።

አባቷ ፈቅዷል። ይሄ ነው መጀመሪያ የገባኝ። አባቴ ፈቅዶ ነበር። ሃይማኖት አልከለከለንም፣ ደም አልከለከለንም፣ ሽማግሌ አልከለከለንም። ጠይቀውት ነበር። እኔ ከአጥር ጀርባ ቅቤዬ በፀሐይ እየቀለጠ «በል ተናገር» ስለው፣ ለካስ እየተናገረ ነው። ስለ ውሃ። በጆሮዬ አብሽሪ ሲለኝ፣ ከባሌ ጋር ምሳ በልቶ ቤትሽ ግቢ ሲለኝ፣ ያቺ ተራ እንዳትናጋ፣ እህትነቴ እንዳይላላ ሲጠብቀኝ ኖሯል። እኩል ተቀማን ስል የቀማኝ እሱ ነው። ያም ሆኖ፣ ወጣት ነበር፣ ድሃ ነበር፣ ብዬ ልምረው እችል ይሆናል። ያቺን አፉታ ስለወሰደብኝ ግን እንዴት አድርጌ ልማረው? ለምኑ ብዬ ጠየቅኩት እኮ። አፍ አውጥቼ ጠየቅኩት። ለሁሉም አለኝና ሳላውቀው አፉ አስባለኝ፤ ተሸክሟት ሄደ። መልስልኝ እንዳልለው አፈር ለብሷል።

አጠገቤ ያለች አንዲት ሴት ጉልበቴን ነካ አደረገችኝ። «አይዞሽ፣ አልቅሽ፣ ይውጣልሽ። ሆድሽ ውስጥ አትያዥው» አለች።

እውነቷን ነው አልኩ። ተነስቼ ቆምኩ፣ እጄን ወደ ላይ አነሳሁ።

«ወንድሜ!» አልኩ።

ዕድሜ ልኬን በጥርሴ ይዤ የኖርኳት ቃል ናት። ትከብደኛለች፣ ታንቀኛለች ብዬ ነበር። ምንም አልሆነችም። ባጃጅ እንደምጠራ ወጣች።

«ወንድሜ! ባለ ብዙ ውሃው ወንድሜ!»

ሴቶቹ እየተቀበሉኝ ድንኳኑ በለቅሶ ተናጋ። ሚስቱ አንገቴን አቅፋ «እንዳንቺ ያለች እህት ማን አለው» እያለች ታነባለች። የኔ ዓይን ደረቅ ነበር፤ ሰው እንዳያየው በነጠላዬ ሸፈንኩት።